አሮጌ ትምህርት ቤቶችን በሰላም ስለማፍረስ የወጣ አዋጅ

አዋጅ! አዋጅ! የደበሎ ቅዳጅ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ!

ከሞዓ ምስጥ ዘእምነገደ ጉቶ፣ ሥዩመ ቸልታ፣ ንጉሠ ነገሥት ዘባዶ ቤቶች፤

በአሜሪካ ደቡብ ግዛቶች፣ ከሜሪላንድ እስከ ቴክሳስ ለምትገኙ ምስጦች፣ አይጦች፣ የሌሊት ወፎች፣ ሐረጎችና የዝናብ ጠብታዎች፤ እንዲሁም መሰላልና ቀለም ይዛችሁ ግዛታችንን ለምታውኩ ነዋሪዎች በሙሉ።

እ.ኤ.አ. ከ1912 እስከ 1932 የተስኪጊ ትምህርት ተቋም መምህር ቡከር ቲ. ዋሽንግተንና የሲርስ ኩባንያ ፕሬዚዳንት ጁሊየስ ሮዘንዋልድ በጀመሩት ሥራ በ15 ግዛቶች ለጥቁር ልጆች 4,977 ትምህርት ቤቶች ተሠርተው ለመንግሥታችን የማይነጥፍ የሳንቃ ሲሳይ በማስገኘታቸው፤

በ1954 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተማሪን በቆዳ ቀለም ለይቶ ማስተማር ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ከፈረደ ወዲህ ትምህርት ቤቶቹ አንድ በአንድ ተዘግተው እጃችን ላይ በመውደቃቸው (ፍርዱን አንቃወምም፤ እኛ ጥቁሩንም ነጩንም ሳንቃ እኩል ነው የምንበላው)፤

አቶ ሮዘንዋልድም ያቋቋሙት ድርጅት ገንዘቡን እሳቸው ከሞቱ በ25 ዓመት ውስጥ ጨርሶ እንዲዘጋ አስቀድመው በማዘዛቸውና እሱም በ1948 በሩን በመዝጋቱ፣ ለጥገና የሚከፍል ሰው የለም ብለን ተዝናንተን በመቀመጣችን፤

ከአሥሩ ዘጠኙን በልተን ጨርሰን ወደ አሥረኛው ስንዞር ግን ያልጠበቅነው ሁከት በመነሣቱ፤

ያለማንም ተቃውሞ ለረጅም ጊዜ በመኖር ባገኘነው ሥልጣን መሠረት የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1። አጭር ርዕስ

ይህ አዋጅ «ተዉት ይውደቅ አዋጅ ቁጥር 1» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል።

አንቀጽ 2። ትርጓሜ

የቃሉ አግባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር «ቅርስ» ማለት ከፈረሰ በኋላ የሚለቀስለት ቤት ነው። «ሁከተኛ» ማለት ሳይፈርስ የሚያለቅስ ሰው ነው።

አንቀጽ 3። ስለ ባለቤትነት

እዚህ ላይ ሕዝባችን ግራ ስለተጋባ በዝርዝር ማስረዳት አስፈልጓል። ብዙዎቻችሁ እነዚህን ቤቶች አንድ የቺካጎ ሀብታም ሠርቶ የሰጣቸው ይመስላችኋል። እኛም እንደዚያ ይመስለን ነበር፤ የሀብታም ስጦታ ባለቤት ስለሌለው ቶሎ ይበላልና ደስ ብሎን ነበር። መዝገቡ ሲገለጥ ግን ነገሩ ሌላ ሆኖ ተገኘ። አቶ ሮዘንዋልድ ሰፈሩ መዋጮ ካላወጣ ገንዘብ አይሰጡም ነበር። ሴቶቹ ዶሮ ጠብሰው ሸጡ። ገበሬዎቹ ከማሳቸው አንድ ጥግ ከልለው ጥጡን ለትምህርት ቤቱ ዘሩ። ገንዘብ ያጣው ግንድ ጎትቶ፣ ሚስማር መትቶ ድርሻውን አወጣ። በመጨረሻ ሒሳቡ ሲደመር ሮዘንዋልድ 4.3 ሚሊዮን ዶላር፣ ጥቁሮቹ ራሳቸው 4.7 ሚሊዮን ዶላር አውጥተዋል። ይህም ግብር ከከፈሉ በኋላ ነው፤ ግብሩን ካውንቲው ተቀብሎ በአብዛኛው የነጮቹን ትምህርት ቤት ያሠራበት ነበር።

በዚህ አላበቃም። እርዳታው የሚሰጠው ቦታውና ቤቱ በሕዝብ ትምህርት ቦርዱ ስም ሲዛወር ነው። ስለዚህ ዶሮ የጠበሰችው ሴት በወረቀት ባለቤት አይደለችም። ቤቱ ሲዘጋ ቦርዱ ያሻውን አደረገ፤ አንዱን ሸጠ፣ አንዱን ዕቃ ቤት አደረገ፣ ብዙውን ለእኛ ተወ። ቦርዶቹን ስለ መልካም ጉርብትናቸው እናመሰግናለን።

አሁን የዚያች ሴት የልጅ ልጆች መጥተው ቤቱን መልሰን እንገዛለን ይላሉ። አያት በግብር ከፈለች፣ በመዋጮ ደገመች፤ የልጅ ልጅ በግዢ ሊሠልስ ነው! በአንድ ቤት ላይ ሦስት ጊዜ የሚከፍል ሰው አእምሮው በሐኪም እንዲመረመር ታዝዟል።

አንቀጽ 4። ስለ መስኮት

የምስጥ መንግሥት በጨለማና በእርጥበት ላይ የቆመ መሆኑ ይታወቃል። የእነዚህ ቤቶች ፕላን ግን ከመነሻው በእኛ ላይ የተሸረበ ሴራ ነው። መብራት በሌለበት ገጠር ስለሚሠሩ ረጃጅም መስኮቶች ጎን ለጎን ተደርድረው የምሥራቅና የምዕራብ ብርሃን እንዲያስገቡ ተደረገ። የዴስኩ አቀማመጥ ሳይቀር ታስቦበታል፤ ብርሃኑ በግራ በኩል ገብቶ በቀኝ እጁ የሚጽፈው ልጅ የገዛ ጥላው ደብተሩ ላይ እንዳያርፍ! ለአንድ የጥጥ ለቃሚ ልጅ ጥላ ይህን ያህል መጨነቅ ምን ይባላል? መጽሐፉ እንደሆነ ነጭ ልጆች ተምረውበት የጣሉት፣ ሽፋኑ የተገነጠለ፣ የሌላ ልጅ ስም ያለበት ነበር።

ስለሆነም መስኮት ሁሉ በኮምፔንሳቶ ተመትቶ ይዘጋ። ሁለቱን ክፍል የሚለየው ተንሸራታች ግድግዳም ባለበት ይቸከል፤ እሱ ሲከፈት ክፍሎቹ አዳራሽ ይሆናሉ፣ አዳራሽ ካለ ሰፈሩ ይሰበሰባል፣ ሰፈሩ ከተሰበሰበ የጣሪያው ነገር ይነሣል፣ የጣሪያ ነገር ከተነሣ ደግሞ አለቀልን።

አንቀጽ 5። በጥብቅ ስለሚፈለጉ ሰዎች

መንግሥትን አንፈራም። ባለሀብትንም አንፈራም፤ ሪባን ቆርጦ ይሄዳል። የምንፈራው ሰማንያ ዓመት ያለፋቸውን፣ በምርኩዝ ገብተው «ምድጃው እዚህ ጋ ነበር፤ ማገዶ የምናመጣው በተራ ነው» የሚሉትን አሮጊቶች ነው። እነሱ ከገቡበት ቤት ምስጥ በሰላም ወጥቶ አያውቅም።

ማስረጃ አለን። ጆርጂያ ውስጥ ካስቪል በምትባል ስፍራ በ1923 የተሠራውን ኖብል ሂልን የገዛ ተማሪዎቹና ዘመዶቻቸው ከአፋችን ነጥቀው በ1989 ሙዚየም አድርገው ከፈቱት። የአሜሪካ ብሔራዊ የቅርስ ጥበቃ ማኅበር የሮዘንዋልድ ትምህርት ቤቶችን በአደጋ ላይ ባሉ 11 ቅርሶች መዝገብ ላይ ያሰፈረው በ2002 ነው፤ አሮጊቶቹ በ13 ዓመት ቀደሙት። በሜሪላንድም፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ሐበሾች ብዙም በማይርቀው ካፒቶል ሃይትስ፣ በ1927 የተሠራው የሪጅሊ ትምህርት ቤት በ2011 ታድሶ ተከፍቷል። በሴንትራል አቬኑ የምታልፉ የሐበሻ ሹፌሮች አይታችሁ እንዳላያችሁ እለፉ።

ከእነዚህ ቤቶች እነ የመብት ታጋዩ ጆን ሉዊስና ጸሐፊዋ ማያ አንጀሉ ተምረው ወጥተዋል እየተባለ የሚነገረውም የእንጨቱን ጣዕም ስለማይለውጥ ለክርክር አይቀርብም።

አንቀጽ 6። ስለተፈቀዱ ተግባራት

ጥናት ማጥናት፣ የጥናቱን ጥናት ማጥናት፣ ኮሚቴ ማቋቋም፣ በፍርስራሹ ፊት ፎቶ መነሣትና «ያሳዝናል» ብሎ መጻፍ ያለገደብ ተፈቅዷል። ጣሪያ ላይ መውጣት ግን ክልክል ነው። አንድ ቆርቆሮ ተነሥቶ እስካልተመለሰ ድረስ ሌላውን ሥራ ዝናብ ይሠራልናል።

በኢትዮጵያ ለሚገኙ የሥጋ ዘመዶቻችን ይህን አዋጅ ማስተላለፍ አላስፈለገንም። በዚያ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስ ለመጠገን አስቀድሞ ፈቃድ ማግኘትን ይጠይቃል። ሕጉ ለቅርሱ አስቦ ነው፤ ባልሠለጠነ እጅ እንዳይበላሽ። መጠገን ማመልከቻ ይፈልጋል፣ መዝመም አይፈልግም፤ በማመልከቻውና በፊርማው መካከል ስንት ክረምት እንደሚያልፍ ዘመዶቻችን ያውቃሉ።

አንቀጽ 7። ስለ ቅጣት

ዳግማዊ ምኒልክ ልጁን ትምህርት ቤት ያልላከ ሰው ሲሞት ሀብቱ ለልጁ መሆኑ ቀርቶ ለመንግሥት እንዲገባ አውጀው እንደነበር ሰምተናል። ሐሳቡ ስለጣመን ገልብጠን ወስደነዋል፦ ልጁን ይዞ ወደ አሮጌው ትምህርት ቤት የገባና «አያትህ እዚህ ጋ ነበር የምትቀመጠው» ብሎ ያሳየ ማንኛውም ሰው ሲሞት መዶሻው፣ መሰላሉና የኮሚቴው ደረሰኝ ለልጁ ሳይተላለፉ ለመንግሥታችን ገቢ ይሆናሉ።

አንቀጽ 8። አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ

ይህ አዋጅ ከሚቀጥለው ዝናብ ጀምሮ የጸና ይሆናል።

ከወለሉ ሥር ተጻፈ። ማኅተም ያዡ ትናንት ነዋሪዎቹ ፀረ ምስጥ መድኃኒት በረጩ ጊዜ ወደ ጎረቤት ጎተራ ስለተሰደደ፣ አዋጁ ያለማኅተም ወጥቷል።