አክስቴና ቪታሊና

ሚያዝያ 17 ሜልበርን ውስጥ ሲኒማ ለመግባት የሚመች ቀን አይደለም። በፈረንጆቹ አፕሪል 25፣ የአንዛክ ቀን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1915 ጋሊፖሊ ላይ የወደቁት የአውስትራሊያና የኒውዚላንድ ወታደሮች ይታሰቡበታል። ጠዋት ሰልፈኛው በሴንት ኪልዳ መንገድ ወደ መታሰቢያው ሐውልት ይተማል፣ ትራሙም ይስተጓጎላል። ከሰዓት ደግሞ ኮሊንግዉድና ኤሰንደን የተባሉት ክለቦች በኤም ሲ ጂ ስታዲየም ስለሚጋጠሙ ባቡሩ ጥቁርና ነጭ፣ ቀይና ጥቁር ሻርፕ ባጠለቀ ደጋፊ ይጨናነቃል። እኔ ከሰፈራችን ከፉትስክሬይ ተነስቼ በዚያ ሁሉ ሰው መሀል እየተጋፋሁ የምሄደው የፖርቱጋል ፊልም ለማየት ነበር።

የፖርቱጋል ፊልሞችን በተከታታይ የሚያሳዩት አዘጋጆች ቀኑን የመረጡት ሆን ብለው ነው። እ.ኤ.አ. አፕሪል 25 ቀን 1974 የፖርቱጋል ወታደሮች በጠመንጃቸው አፈሙዝ ላይ ቀይ አበባ ሰክተው 48 ዓመት የቆየውን አምባገነን አገዛዝ ጣሉ። የእኛ የየካቲት 66 አብዮት ከፈነዳ ገና ሁለት ወሩ ነበር። እነሱ ልክ በዓመቱ ለምርጫ ተሰለፉ፤ እኛ 17 ዓመት በወታደር ተገዛን። ይህን ባሰብኩ ቁጥር አንጀቴ ያርራል።

የዕለቱ ፊልም የማኖኤል ዴ ኦሊቬይራ «ኖን» ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1990 የተሠራው። ኦሊቬይራ በ1908 ተወልዶ በ2015 ያረፈ፣ ፊልም ድምፅ ባልነበረው ዘመን ጀምሮ መቶ ዓመት ካለፈውም በኋላ ካሜራውን ያላስቀመጠ ሰው ነው። ፊልሙ በአንድ ግዙፍ ዛፍ ይጀምራል፤ ካሜራው እያዘገመ ይዞረዋል፣ ሌላ የሚታይ ነገር የለም። ከዚያ አፍሪካ ውስጥ በወታደር መኪና የተጫኑ ፖርቱጋላውያን ይመጣሉ። ካብሪታ የሚባለው መኮንን የአገሩን ታሪክ ይተርክላቸዋል፤ የሚተርከው ግን ሽንፈቱን ነው። ሁለት እጁን ተቆርጦ ባንዲራውን በጥርሱ የያዘው ተዋጊ አለ። በ1578 ሞሮኮ ላይ ከነሠራዊቱ የጠፋው የ24 ዓመቱ ንጉሥ ሴባስቲያን አለ። ቫስኮ ዳ ጋማ ብቅ ሲል እኔ ልጁን ክሪስቶቮን አሰብኩት፤ በ1541 አራት መቶ ነፍጠኛ ይዞ ምፅዋ የወረደውን፣ በማግስቱ ዓመት በግራኝ ጦር ተማርኮ የተገደለውን። እሱ ፊልሙ ውስጥ የለም። ለእኛ ግን ከአባቱ ይልቅ እሱ ይቀርበናል።

በዚህ መሀል ሰብታይትሉ ጠፋ። መብራት በራ፣ አንድ ወጣት ወደ ማሽኑ ክፍል ሮጠ፣ ጥቂት ሰዎች ገንዘባችን ይመለስልን ብለው ወጡ። በመጨረሻ ፊልሙ በደረቁ ፖርቱጋልኛ እንዲቀጥል ተወሰነ። ለመውጣት ስነሳ አጠገቤ የተቀመጡ አዛውንት ክንዴን ያዝ አድርገው አስቀመጡኝና በእንግሊዝኛ ሹክ እያሉ ይተረጉሙልኝ ጀመር። የምሥራቅ ቲሞር ሰው ናቸው፤ ፖርቱጋልኛ የተማሩት በቅኝ ግዛት ጊዜ በሚስዮን ትምህርት ቤት ነው። ካብሪታ የሚሞተው አብዮቱ በፈነዳበት በዚያው ዕለት መሆኑን ሲነግሩኝ ድምፃቸው ተሰበረ። ስንወጣ የራሳቸውን ቀጠሉልኝ፤ ሊዝበን ላይ መንግሥት ወደቀ፣ ቲሞር እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 28 ቀን 1975 ነፃነቷን አወጀች፣ በዘጠኝ ቀኗ የኢንዶኔዥያ ጦር ገባባት፣ እሳቸው ተሰደዱ። ሰብታይትሉ ባይበላሽ ይህን ሁሉ አልሰማም ነበር።

ሜልበርን ለእንዲህ ያለ ነገር የታደለች ከተማ ናት። በ1948 በዩኒቨርሲቲ ፊልም ማኅበርነት የተጀመረው ሲኔማቴክ እስከ ዛሬ ፌዴሬሽን አደባባይ በሚገኘው በአክሚ አዳራሽ ረቡዕ ማታ የአንዱን አገር ወይም የአንዱን ዳይሬክተር ሥራ አከታትሎ ያሳያል። እኔ የገባሁበት ሌላና ከዚያ ያነሰ ነበር፤ ሐሳቡ ግን ያው ነው። አንድ ፊልም ብቻውን ሲታይ ታሪኩን ይነግርሃል። ጦርነቱ፣ ስደቱ፣ ገጠሩ እየተባለ ተራ በተራ ሲታይ ግን ሕዝቡን ታውቀዋለህ።

ለስደቱ ምሽት አክስቴን ይዤ ሄድኩ። ጎንደሬ ናቸው። «ፖርቱጋሎች? ፋሲል ያባረራቸው?» አሉኝ። ናቸው አልኳቸው። «ይሁን፣ እንሂድ።»

ፊልሙ የፔድሮ ኮስታ «ቪታሊና ቫሬላ» ነው። በ2019 ሎካርኖ ላይ ወርቃማውን ነብር ያሸነፈው ይኸው ፊልም ነው፤ የራሷን ሕይወት የተጫወተችው ቪታሊናም በምርጥ ተዋናይነት ተሸልማበታለች። ባሏ ከኬፕ ቨርድ ሊዝበን ሄዶ ቀርቷል፣ እሷ የአውሮፕላን ቲኬት ስትጠብቅ ዕድሜዋ አልቋል። ከአውሮፕላኑ ደረጃ በባዶ እግሯ ትወርዳለች፣ ከእግሯ ውኃ ይንጠባጠባል። የአውሮፕላን ማረፊያው የጽዳት ሴቶች ከበው ይቀበሏትና ባሏ ከተቀበረ ሦስት ቀን እንደሆነው ያረዷታል። እዚህ ምንም የለሽም፣ ተመለሺ ይሏታል።

አክስቴ እናታቸው ያረፉ ጊዜ የመኖሪያ ፈቃዳቸው አልወጣም ነበርና አልሄዱም። ለቅሶ የተቀመጡት ፉትስክሬይ፣ ሳሎናችን ወለል ላይ ነው። «አይ እናቴ! አፈር እንኳ ሳታለብሽው!» ብለው አዳራሹን በጩኸት ሞሉት። ከፊት ያሉት ዞሩ፣ ከኋላ ያሉት እሽ አሉ፣ አስተናጋጁ ባትሪውን አብርቶ መጣና እንድንወጣ በትሕትና ጠየቀን። ወጣን። አክስቴ ግን ከበሩ አልንቀሳቀስም አሉ። «ልጅቷን ጨለማ ውስጥ ትቻት የትም አልሄድም።» ልጁ ቢቸግረው ድምፅ እንዳናሰማ አስምሎ ከኋላ በኩል አስገብቶ አቆመን። ፊልሙ ከሞላ ጎደል ሌሊት ነው፤ መጨረሻው ላይ ግን ቀን ይወጣል፣ በኬፕ ቨርድ ተራራ ሥር ወጣቷ ቪታሊና ከባሏ ጋር ቤት ስትሠራ ትታያለች። አክስቴ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ቆመው ጨረሱት። ከዚያ ሁሉ ታዳሚ ፊልሙን እንደሚገባው ያየው እሳቸው ናቸው ብዬ አምናለሁ።

የገጠሩ ምሽት ነው ያላስተኛኝ። አንቶንዮ ሬይስና ማርጋሪዳ ኮርዴይሮ የሰሜን ፖርቱጋልን ገበሬዎች ይዘው የሠሩት «ትራስ ኦስ ሞንቴስ» የ1976 ፊልም ነው። የኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ም የዚያው ዓመት ነው። ኃይሌ በ1974 ንጉሡ ወርደው ደርግ እግሩን ሳይተክል በተገኘችው ቀዳዳ፣ በሁለት ሳምንት ገደማ፣ በጥቁርና ነጭ የቀረፀው ነው። ጭሰኛው፣ ባለርስቱ፣ እረኛይቱ ልጅ፣ ሁሉም አሉበት። ያኛው ታድሶ፣ ተጠብቆ ዓለምን ዞሮ እኛ ሰፈር ደረሰ። ይሄኛውን ፉትስክሬይ ተወልደው ያደጉት ልጆቻችን ስሙን እንኳ አልሰሙም። «ሂሩት አባቷ ማነው?»ን፣ «ጉማ»ን፣ «ጤዛ»ን ተራ በተራ በትልቅ መጋረጃ ማየት ለእነሱ ቅንጦት አይደለም።

ለአክስቴ ይህን ስነግራቸው ኃይሌ የጎንደር ልጅ መሆኑን ብቻ ጠየቁኝ። ነው ስላቸው ከተቀመጡበት ተነሱ። የኃይሌን ፊልም ለማሳየት የአዳራሹን ኃላፊዎች አነጋግረናል፤ ፊልሙ ሁለት ሰዓት ተኩል እንደሚፈጅ ስንነግራቸውም እሺ ብለዋል። ፈቃድ የሚጠይቀው ደብዳቤ ዋሽንግተን፣ ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት ወዳለው የኃይሌ ሳንኮፋ መደብር ተልኳል። አዛውንቱ ቲሞራዊም እመጣለሁ ብለዋል፤ እኔም አጠገባቸው ተቀምጬ እተረጉምላቸዋለሁ።