ላልመጣው ባቡር ትክክለኛ ቀለም

ስለ ጋምቤላ ባቡር ቀለም ከእንግዲህ ዝም ማለት አይቻልም። ባቡሩ መቼ ተሠራና የሚል ሰው እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ጥያቄው ከጉዳዩ ውጪ ነው፤ እዚህ የምንነጋገረው ስለ ቀለሙ ነው።

ባቡሩ ሰነድ አለው። ዳግማዊ ምኒልክ ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር የተፈራረሙት ውል በአምስተኛው አንቀጹ ሱዳንን ከዩጋንዳ የሚያገናኝ ሐዲድ በኢትዮጵያ ምድር እንዲዘረጋ ይፈቅዳል፤ መስመሩንም ሁለቱ ወገኖች ተስማምተው ይመርጣሉ ይላል። አራተኛው አንቀጽ ደግሞ በባሮ ዳር፣ በኢታንግ አጠገብ፣ ለንግድ ጣቢያ መሬት ያከራያል፤ ቦታው በኋላ ጋምቤላ ሆነ። እንግሊዞች አራተኛውን ሠሩበት። ባሮ በክረምት ሲሞላ የእንፋሎት መርከቦች ከካርቱም ጨውና ጨርቅ አምጥተው ቡና ጭነው ይመለሱ ነበር፤ ጣቢያውም ለኢትዮጵያ የተመለሰው በ1949 ዓ.ም. ነው። አምስተኛው አንቀጽ ግን እስከ ዛሬ እንደ አዲስ ነው። አንድ ብሎን አልዛገበትም።

ሁለተኛም ሰነድ አለ። ከ2003 እስከ 2007 ዓ.ም. በነበረው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ 2,395 ኪሎ ሜትር ሐዲድ ሊዘረጋ ታስቦ ነበር፤ በአገር አቀፉ የባቡር ንድፍ ላይም ከአዲስ አበባ ተነስቶ በጅማ በኩል ጋምቤላ ክልል ዲማ ድረስ የሚዘልቅ መስመር ተሠምሯል። እንግዲህ ጋምቤላ የሌላት ባቡር አንድ ብቻ አይደለም፤ ሁለት ነው። ላም አለኝ በሰማይ የሚል ሰው ደግሞ ቢያንስ መልኳን ሲጠየቅ መንተባተብ የለበትም። ዳለቻ ናት? ቡሬ ናት? ወይስ ወይኖ?

በአውሮፓ የባቡር ሞዴል የሚሠሩ ሰዎች ይህን ቁም ነገር ከተረዱ ቆይተዋል። 87 ጊዜ አሳንሰው በሚሠሩት ፉርጎ ላይ ያለው አረንጓዴ እ.ኤ.አ. የ1923 ነው ወይስ የ1928 እየተባባሉ የሚኳረፉ የተከበሩ ጡረተኞች አሉ። የሚያሳዝነው ድካማቸው መና መቅረቱ ነው፤ ምክንያቱም በእውን የኖረ ባቡር የሚታመን ምስክር አይደለም። ዊልያም ስትራውድሊ የተባለው የብራይተን መሐንዲስ ባቡሮቹን የቀባበት ቀለም በይፋ «የተሻሻለ የሎኮሞቲቭ አረንጓዴ» ይባል ነበር። መልኩ ሰናፍጭ ነው። የድሮውን ፎቶግራፍ እንዳናምን፣ የዘመኑ ፊልም ቀይ ብርሃን ስለማይሰማው ቀዩን ጥቁር፣ ሰማያዊውን ነጭ አድርጎ ያወጣዋል። ፋብሪካዎቹም ቢሆኑ አዲስ ሎኮሞቲቭ ለፎቶ ሲያቀርቡ ግራጫ ይቀቡትና ከፎቶው በኋላ በእውነተኛው ቀለሙ መልሰው ይቀቡት ነበር። ዝነኛው ፍላይንግ ስኮትስማን ራሱ አንዴ ደማቅ አረንጓዴ፣ በጦርነቱ ጊዜ ጥቁር፣ በኋላ ሰማያዊ፣ ከዚያ ጠቆር ያለ አረንጓዴ ሆኗል። እንዲህ በየጊዜው መልኩን የሚለውጥ ነገር ታሪክ ይባላል?

የጋምቤላ ባቡር ከዚህ ሁሉ ነውር ነፃ ነው። አልደበዘዘም፣ አልተጋጨም፣ ሚኒስትር በተሾመ ቁጥር አዲስ አርማ አልተለጠፈበትም። አሳሳች ፎቶ የለውም። ቀለሙ አንድ ጊዜ በትክክል ከተወሰነ በዓለም ላይ የማያከራክር ቀለም ያለው ብቸኛው ባቡር ይሆናል።

ባቡሩ ስለሌለ ቀለሙ የሚቀባው ሞዴሉ ላይ ነው። ሞዴሉ የት ይተከል ለሚለው መልሴ ጀዊ ነው፤ ከጋምቤላ ከተማ 18 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ። ከተማው ውስጥ ይሁን የሚሉ ወገኖች የመሬቱን ነገር አላሰቡበትም። ውሉ ያከራየው መሬት ከ400 ሄክታር አይበልጥም፤ ወንዝ ዳሩም ከ2,000 ሜትር። በ87 ሲካፈል ርዝመቱም ወርዱም 23 ሜትር የሆነ ግቢ ነው። አንድ መቶ ሃያ ዓመት ያለፈው ዓለም አቀፍ ውል አንድ ሰፊ ግቢ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ሊፈጸም ይችላል፤ የማንጎ ዛፍ እንኳ መቁረጥ አያስፈልግም። የ2003ቱ ዕቅድ ግን ይከብዳል፤ በሞዴል እንኳ ቢዘረጋ 27 ኪሎ ሜትር ተኩል ስለሚሆን ከከተማው ተነስቶ ጀዊን አልፎ ይሄዳል። እሱ በምዕራፍ ይሠራ።

ዋናው ምክንያቴ ግን የቀለም ባለሙያው ጀዊ መገኘቱ ነው። ጀርመኖች ለቀለማቸው ሁሉ ቁጥር የሚሰጠውን የራልን መዝገብ እ.ኤ.አ. በ1927 ሲጀምሩ የነበራቸው 40 ቀለም ነው። በጀዊ መጠለያ የሚኖሩት ከደቡብ ሱዳን ጦርነት የሸሹ ሰዎች አብዛኞቹ ኑዌር ናቸው። የኑዌር ሰው የከብትን መልክ ሲጠራ፣ ነጩ ትከሻ ላይ ነው ወይስ ሆድ ላይ፣ ግራጫው ነጠብጣብ ነው ወይስ ዥንጉርጉር እያለ በመቶዎች የሚቆጠር ስም ያወጣል፤ ወጣቱም በሚወደው በሬ መልክ ይጠራል። አንትሮፖሎጂስቱ ኢቫንስ ፕሪቻርድ እ.ኤ.አ. በ1940 ስለ ኑዌሮች ባሳተመው መጽሐፍ በዚህ ተደንቆ ሰፊ ቦታ ሰጥቶታል። እንዲህ ያለ ዓይን ያለው ሰው አጠገባችን እያለ የቀለም አማካሪ ከሽቱትጋርት ማስመጣት የውጭ ምንዛሪ ማባከን ነው። ሌላም ብቃት አላቸው፦ ውሉ ባቡር እንዲሄድበት ባሰበው አገር በእግራቸው መጥተዋል፤ በጎርፍ ከተጥለቀለቀ መጠለያም ወደ ጀዊ የተዛወሩ አሉ። መስመሩን ከእነሱ በላይ የሚያውቅ መሐንዲስ ካለ ይቅረብ።

በእኔ በኩል የማቀርበው ቀለም ወይኖ ነው፤ በራል መዝገብ 3005 የተባለው። የምሥራቅ አፍሪካ ምድር ባቡር በተራራ ስም ይጠራቸው የነበሩትን፣ ጋራት የተባሉትን ግዙፍ ሎኮሞቲቮች የቀባው የዚህ ዘመድ በሆነ ጥቁር ቀይ ነበር፤ መስመሩ ዩጋንዳ ይደርሳል ከተባለ ዝምድናው ይጠበቅ። ጥቅምም አለው። ሞዴል ሠሪዎች ባቡራቸው ያገለገለ እንዲመስል ቡናማ ዱቄት በብሩሽ ሲነሰንሱ ያመሻሉ። በጀዊ መንገድ ላይ ነጭ ሆኖ የወጣ የረድኤት ድርጅት መኪና በበጋ ምን መልክ ይዞ እንደሚገባ ያየ ሰው ይህ ሥራ እዚያ በነፃ እንደሚሠራ አይጠራጠርም።

አንድ የቴክኒክ ነጥብ ይቀራል። ሞዴል ትንሽ ስለሆነ ከሩቅ እንደታየ ይቆጠራል፤ ስለዚህ ቀለሙ ላይ ጥቂት ነጭ ይጨመራል። ርቀቱ በጨመረ ቁጥር ነጩ ይበዛል። የጋምቤላ ባቡር ከስንት ርቀት እንደሚታይ በጥብቅ ካሰላነው ሙሉ ነጭ ይሆንብናልና በዚህ ነጥብ ላይ መጠነኛ ቸልተኝነት እንዲደረግ እጠይቃለሁ።

የቀለሙ ቆርቆሮ ከመከፈቱ በፊት ግን የሐዲዱ ስፋት መወሰን አለበት። የሱዳን ሐዲድ 1,067 ሚሊ ሜትር ነው፣ የዩጋንዳው 1,000። በሞዴሉ ላይ ልዩነቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች ቢሆንም ውሉ «ተስማምተው ይመርጣሉ» ስለሚል ከካርቱምና ከካምፓላ በጽሑፍ መልስ እስኪመጣ አንቲረስቱም ቢሆን አይቀባ።