ላጥፋው እንዴ?

ሃርድ ዲስክ ሲሞላ ሰማያዊዋ መስመር ትቀላለች። የእኔ ሲ ድራይቭ ከቀላ ሰንብቷል። ያለኝን ሁሉ ብደምር፣ የልጆቹን የክርስትና ፎቶ፣ ሁለት ሠርግ በቪዲዮ፣ የዕድሩን ደብዳቤዎች፣ ድሮ በፓወር ግዕዝ ተጽፈው ዛሬ ሲከፈቱ የፈረንጅ ፊደል ትርምስ የሚሆኑትን ጽሑፎች ጨምሬ፣ የዲስኩን ግማሽ አይሞላም። የቀረውን ማን እንደያዘው የሚነግረኝ ጠፋ። ቀይ ነገር ደግሞ ዓይን አያሳርፍም፤ የዕድር ደብዳቤ ልጽፍ ተቀምጬ መስመሯን ሳይ እውላለሁ።

የእህቴ ልጅ መጣና «ቪው» የሚለው ውስጥ ገብቶ የተደበቀውን ሁሉ እንዲያሳይ አዘዘው። መጋረጃው ሁለት ነው ለካ። አንደኛው ሲገለጥ ፕሮግራም ዳታ የሚባለው ብቅ ይላል፤ ሁለተኛውን ለመግለጥ ሲሞከር ማሽኑ ያስጠነቅቃል፣ እርግጠኛ መሆንዎን ይጠይቃል። እኛ መቼ እርግጠኛ ሆነን ነገር ጀምረን እናውቃለን! «የስ» አልነው። ፈዘዝ ያሉ ፎልደሮች ተግተለተሉ፦ ዶላር ሪሳይክል ቢን፣ ዶላር ሲስ ሪሴት፣ ዶላር ዊን አር ኢ ኤጀንት፣ ሪከቨሪ፣ ሲስተም ቮሊዩም ኢንፎርሜሽን። የሦስቱ ስም በዶላር ምልክት ይጀምራል። ዶላር ለምን እንደሚደበቅ በዚህ አገር ማስረዳት አያስፈልግም። የገረመኝ የመጨረሻው ነው። በየቢሮው ተሰልፈን «ሲስተም የለም» እየተባልን ስንመለስ የከረምነው ለካ ሲስተሙ እኔ ቤት ተደብቆ ኖሯል! ልከፍተው ብጫን «አክሰስ ዲናይድ» አለኝ። በገንዘቤ የገዛሁት ዕቃ! ፐርፍሎግስ የሚባለው ደግሞ ሳይደበቅ ፊት ለፊት ተቀምጦ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ፈቃዱን አግኝተን ስንገባ ውስጡ ባዶ ነው። የባዶ ቤት ዘበኛ።

«ጋሼ፣ ላጥፋቸው እንዴ?»

«ምን እንደሆኑ ታውቃለህ?»

«አላውቅም። ግን እኛ አይደለንም የፈጠርናቸው።»

ይህች «እኛ አይደለንም» የምትል ነገር አልዋጥልህ አለችኝ። የምንኖረው ፈረንሳይ ለጋሲዮን ነው። ከደጃፋችን ቀና ሲሉ እንጦጦ ነው፤ እንጦጦ ላይ ያለው ደግሞ ባሕር ዛፍ። እሱንስ እኛ ፈጠርነው? አገሩ አውስትራሊያ ነው። ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. እንጦጦ ማርያም ዘውድ ሲጭኑ የአካባቢው የአገር ዛፍ እየተመናመነ ነበር። ከተማው ወደ ፍልውሃ ከወረደም በኋላ ማገዶው እየራቀ ሄደ። ነገሩ ከመክፋቱ የተነሣ መናገሻው ወደ አዲስ ዓለም እንዲዛወር ታስቦ እዚያ ቤተ መንግሥት ተጀምሮ ነበር። እንግዳው ዛፍ የገባው በዚያው ዘመን፣ በ1887 ዓ.ም. ገደማ ነው። ያመጣው ፈረንሳዊው ሞንዶን ቪዳዬ ነው ይባላል። (ፈረንሳይ ሠፈር እየኖርን ሌላ ሰው ነው ብለን የምንከራከርበት ምክንያት አይታየኝም።) በጥቂት ዓመታት ተመዘዘ። ቢቆርጡት ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ከተማው ሳይነሣ ቀረ፤ የአዲስ ዓለሙ ቤተ መንግሥትም ቤተ ክርስቲያን ሆነ።

ከዚያ በኋላ ነው ጥያቄው የመጣው። ዛፉ ምንጭ ያደርቃል ተባለ። በ1905 ዓ.ም. ገደማ ከፊሉ ተነቅሎ የሐር ትል የሚመገበው ዛፍ በምትኩ እንዲተከል ዐዋጅ ወጣ። ሕዝቡ ዐዋጁን ሰማ፤ ዛፉ ግን ባለበት ቆሞ ቀረ። ይኸው ያ ሳይነቀል የቀረ ዛፍ ለጭቃ ቤቱ ማገር ሆነ፣ አጥር ሆነ፣ ፎቅ በተሠራ ቁጥር መወጣጫ የሚሆነው አጣና ሆነ፤ እናቶች ከእንጦጦ ጎብጠው በጀርባቸው እያወረዱት የስንቱን ቤት ምጣድ አሰማ። ምንጭ ያደርቃል ያሉትም አልዋሹም፤ ውኃ ይጠጣል፣ ከሥሩም ሌላ ነገር እንደ ልብ አይበቅልም። አሁን እዚያው ተራራ ላይ ጽድና ወይራ፣ ኮሶም መልሶ ይተከላል። በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ ውስጥ ቡና ሊጠጣ የሚወጣው ሰው ግን አሁንም ፎቶ የሚነሣው ባሕር ዛፉን ተደግፎ ነው። ክርክሩ መቶ ዓመት አልፎታል። ሠፈራችንም ውስጥ ከአጥር ጀርባ ከ40 ሄክታር በላይ የሚሆን የኤምባሲ ጫካ አለ፤ ፈቃድ ስለሌለን አብዛኞቻችን ውስጡን ሳናይ እዚሁ አርጅተናል፤ ማንም ግን «ላጥፋው እንዴ?» ሲል ሰምቼ አላውቅም። ይህ ልጅ ነው እንግዲህ ጣቱን ዲሊት ላይ አድርጎ የሚጠብቀኝ።

ምን እያልኩ ነበር? አዎ፣ ሲ ድራይቭ።

ከተደበቁት ሁሉ ወፍራሙ ሃይበርፊል የሚባል ፋይል ሆኖ ተገኘ። ብቻውን ስንት ጊጋባይት ይዞ ተንፈላሷል። የልጁ ዓይን በራ። የሃይበርፊል ሥራ ግን እንዲህ ነው፦ የላፕቶፑ ባትሪ ሊያልቅ ሲል ራም ላይ ያለውን ሁሉ፣ ሴቭ ያልተደረገችውን አንቀጽ ሳይቀር፣ እዚያ ፋይል ውስጥ ገልብጦ ይዘጋል፤ መብራት ሲመጣ ካቆመበት ይነሣል። እኛ ሠፈር ደግሞ መብራት «ደህና ዋሉ» ብሎ አይሄድም። ይህንን ፋይል ቦታ ያዘ ብዬ ላባርረው? ዊንዶውስ ኦልድ የሚባል ደግሞ አለ፤ ከትልቅ ማሻሻያ በኋላ የሚቀረው አሮጌው ዊንዶውስ ነው። ዊንዶውስ 10 ላይ ከ10 ቀን በኋላ ራሱ ይለቃል። ሊሄድ የተነሣን እንግዳ መግፋት ነውር ነው።

መደበቅ ራሱ ከየት እንደመጣ ብታውቁ ትስቃላችሁ። አሜሪካ ያለ ዘመድ የሠርግ ፎቶ በፍላሽ ሲልክልን አብረውት በነጥብ የሚጀምሩ ነገሮች ይመጣሉ፤ ነጥብ ዲኤስ ስቶር፣ ነጥብ ትራሽስ። ማክ ላይ የተሰካ ፍላሽ ይዟቸው ይዞራል። በነጥብ የሚጀምር ስም የሚደበቀው ከዩኒክስ በተወረሰ ልማድ ነው። ሮብ ፓይክ የተባለው የዩኒክስ ሰው እንደጻፈው፣ ፋይል የሚዘረዝረውን ፕሮግራም የጻፈው ሰው መዝለል የፈለገው በየፎልደሩ ያሉትን ሁለት መግቢያዎች ነበር፤ አንዱ ስሙ ነጥብ፣ ሌላው ሁለት ነጥብ። ለማሳጠር ሲል በነጥብ የሚጀምረውን ሁሉ ዝለል ብሎ ጻፈ። አለቀ። ግማሽ ዓለም ዛሬ ምሥጢሩን የሚደብቀው አንድ ሰው አንድ መስመር ለማሳጠር በመስነፉ ነው።

ፎርማት የሚባለው በሽታ ላይ ስደርስ ግን ሳቄ ያልቃል። የጎረቤቴ ልጅ የመመረቂያ ጽሑፏን ልታሳትም ሾላ አካባቢ ላለ ፎቶ ኮፒ ቤት ፍላሽ ሰጠች። ፍላሹ ሲሰካ ፎልደሮቿ ሁሉ ሾርትካት ሆነዋል። ይህንን ቫይረስ ፍላሽ ይዞ የወጣ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፦ እውነተኛውን ፋይል ስም በሌለው ፎልደር ውስጥ ከትቶ ይደብቀዋል። አትሪብ በሚባል አንድ ትእዛዝ ይገለጥ ነበር። ባለሱቁ ስም የሌለውን ፎልደር አየና «ቫይረሱ ይሄ ነው» ብሎ አጠፋው፤ እንዳይመለስ ብሎም ፍላሹን ፎርማት አደረገው። ከዚያ ሒሳብ ጠየቀ። የከፈለች ይመስለኛል! ኮምፒውተሩ ዘገየ? ፎርማት ይደረግ። ድምፅ የለውም? ፎርማት ይደረግ። ቻርጀሩ ተበላሸ? ለማንኛውም ፎርማት ይደረግ። ማነው ለእነዚህ ሰዎች የማያውቁትን ሁሉ የመጥረግ ሥልጣን የሰጠው? ልጅቱ ሌሊት ሌሊት የጻፈችው ነው፤ መምህሯ በቀይ እስክሪብቶ እየሰረዘ የመለሰላት፣ እንደገና የጻፈችው። መጀመሪያ ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጦ ማስቀመጥ ስንት ደቂቃ ይፈጃል? መጠየቅስ? «ይሄ ምንድነው?» ብሎ ለመጠየቅ ምን ዲግሪ ያስፈልጋል? ይህንን ስጽፍ እንኳ እጄ ይንቀጠቀጣል።

ይሁን። ፈረንጁም ቢሆን ከዚህ አልዳነም። በአውሮፓውያን 2002 በኢሜይል አንድ ማስጠንቀቂያ ዞረ፦ ኮምፒውተርህ ውስጥ የድብ አሻንጉሊት ሥዕል ያለበት ፋይል ፈልግ፣ አንቲቫይረስ የማያገኘው ቫይረስ ነውና አጥፋው፣ ለወዳጆችህም ሁሉ አስተላልፍ። ሰው ሁሉ ፈለገ፣ ድቡም ተገኘ። ለምን አይገኝ፣ ማይክሮሶፍት ራሱ ዊንዶውስ ውስጥ ያስቀመጠው የጃቫ ፋይል ነዋ! ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ደግሞ ረዣዥም የፋይል ስሞችን የሚጠግን ሌላ ምስኪን ፋይል እንዲሁ ታድኖ ነበር። ቫይረሱ ወዳጅነት ሆነ ማለት ነው። የሾላው ባለሱቅ በዚያ ዘመን ኢሜይል ቢኖረው ለስንት ሰው ይልክ ነበር!

የእህቴ ልጅ እስከዚህ ድረስ በትዕግሥት ሰማኝ። ጣቱንም ከዲሊት ላይ አነሣ፤ ግን ዝም ብሎ መቀመጥ አይችልምና ዩዘርስ የሚለውን ከፈተ።

«ጋሼ፣ እነዚህ ደግሞ እነማን ናቸው?»

የእኔ ስም አለ። አጠገቡ ፐብሊክ የሚባል፣ ፈዘዝ ብሎ ደግሞ ዲፎልት የሚባል ሰው ተቀምጧል። የቀበሌ መታወቂያ የላቸው፣ ኪራይ አይከፍሉ። ልጁ ስልኩን አውጥቶ አነበበ፦ ዲፎልት ማለት አዲስ ተጠቃሚ ሲከፈት የሚቀዳበት ናሙና ነው፤ እሱ ከጠፋ አዲስ ሰው ማስገባት ያስቸግራል።

«በዚህ ዕድሜዬ ምን አዲስ ሰው ይመጣል?» አልኩ።

ባለቤቴ ከማዕድ ቤት «እማዬ ለፋሲካ ትመጣለች አላልኩህም?» አለች። «ክፈቱላት፣ መዝሙር ትሰማበታለች።»

ልጁ መክፈት ጀመረና ቀና አለ። «በዓለም ስማቸው ነው በክርስትና ስማቸው?»

ባለቤቴ በክርስትና ስሟ ይሁን አለች። እኔ የክርስትና ስም ለሰው እንኳ ዝም ተብሎ አይነገርም፣ ያውም ኢንተርኔት ላለው ዕቃ አልኩ። እሷም መዝሙር በዓለም ስም ይሰማል እንዴ ብላ ማማሰያዋን እንደያዘች ወጣች።