ለሌሊቱ ሪስታርት የቀረበ የመከላከያ ቃል

ደንበኛዬ ዘወትር ሌሊት 9 ሰዓት የጃቫ ሰርቨሩን አጥፍቶ የሚያበራው ትእዛዝ ነው። የቀረበበት ክስ «ችግር ይሸፍናል፣ ምርመራ ያደናቅፋል» የሚል ነው። ከሳሾቹ ወጣት መሐንዲሶች ናቸው፤ ምክንያት ካላወቁ እንቅልፍ አይወስዳቸውም።

ፍሬ ነገሩ አጭር ነው። በሰርቨሩ ላይ በየ15 ደቂቃው መረጃ ቀድቶ፣ አጣርቶ የሚያስተላልፍ ፓይፕላይን አለ። ጃቫ ራሱ የሚያስተዳድረው ሜሞሪ፣ ሂፑ፣ ፍጹም ጤነኛ ነው። ከሂፕ ውጭ ያለው ግን በየዙሩ ያብጣል። በመጨረሻ ሊኑክስ ጃቫን በሲግናል 9 ይገድለዋል፤ እርሱም «ሜሞሪ አለቀብኝ» ለማለት እንኳ ፋታ ሳያገኝ 137 የሚል ቁጥር ብቻ ተናዞ ያልፋል። ደንበኛዬ የሚለው ይህንኑ ነው፦ በቀን ከሚገደል በሌሊት ይሙት።

አንደኛ፣ የጃቫን ሂፕ የሚያጸዳው የቆሻሻ ሰብሳቢ ጉዳይ። ዳይሬክት በፈር የሚባለው ነገር ሂፕ ውስጥ ያለው አካሉ ኢምንት ነው፤ ውጭ የያዘው ግን ብዙ ሜጋባይት ሊሆን ይችላል። ውጭ ያለው የሚለቀቀው ሰብሳቢው መጥቶ ኢምንቱን ሲያነሣ ነው። ሂፑ ሰፊና ንጹሕ ከሆነ ደግሞ ሰብሳቢው የሚመጣበት ምክንያት የለም። ቤቱን ጠርጎ ቆሻሻውን ከአጥር ውጭ የከመረ አባወራ ሲመሰገን እንጂ ሲከሰስ አላየንም። ችግሩ ሲብስ ሂፑ እንዲሰፋ ተወሰነ፤ ሰብሳቢው ይበልጥ ሥራ ፈታ፣ ለውጭው የቀረው ቦታም ጠበበ። ውሳኔው በስብሰባ ስለጸደቀ ስሕተት ሊሆን አይችልም።

ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ ዙር አዲስ ክላስ ሎደር ይፈጥራል። ሲጨርስ መሄድ ነበረበት፤ ነገር ግን ያልተዘጋ አንድ ትሬድ ወይም ከመዝገብ ያልተሰረዘ የዳታቤዝ ድራይቨር ይዞ ያስቀረዋል። እርሱ ሲቀር የጫናቸው ክላሶች በሙሉ ከሂፕ ውጭ ባለው ሜታስፔስ ውስጥ ይቀራሉ። ሜታስፔስ ደግሞ ካልገደቡት በቀር ጣሪያ የለውም። ጣሪያ የሌለው ነገር ሞላ ተብሎ እንዴት ይከሰሳል?

ሦስተኛ፣ ከሳሾች ኔቲቭ ሜሞሪ ትራኪንግ የሚባለው የጃቫ መከታተያ ይከፈት፣ መነሻ ልኬት ይያዝ፣ ከጥቂት ዙር በኋላ ልዩነቱ ይታይ ይላሉ። የክላስ ረድፍ ካደገ ክላስ ሎደሩ፣ የትሬድ ረድፍ ካደገ ያልተዘጉት ትሬዶች ይጠየቃሉ። የመከታተያው ድምር ባለበት ቆሞ የሂደቱ ሜሞሪ ብቻ ካደገ፣ ጣት ወደ ኔቲቭ ላይብረሪዎች ወይም ወደ ጂሊብሲ የሜሞሪ አሬናዎች ይጠቆማል፤ ለአሬናዎቹ ቁጥራቸውን 2 ላይ መገደብ ይሞከራል። ዘዴው ያስፈራል፤ ጥፋተኛውን ሊያገኘው ይችላልና። ጥፋተኛ ከተገኘ ደግሞ የኮዱ ባለቤት ይጠየቃል። ከዚህም በላይ መከታተያው ከ5 እስከ 10 በመቶ ፍጥነት እንደሚቀንስ በሰነዱ ተጽፏል። ደንበኛዬ የሚቀንሰው መቶ በመቶ ነው፤ ለማስላትም ይቀላል።

ዐቃቤ ሕግ ሪስታርቱ በሳምንት አንዴ እንደነበረ፣ ዛሬ በየሌሊቱ እንደሆነ፣ ቀትር ላይም እንደተጀመረ በማስረጃ አሳይቷል። ይህ የሥራ ዕድገት ነው። ስለዚህ ክሱ ውድቅ ሆኖ ደንበኛዬ በየ15 ደቂቃው እንዲሠራ ሙሉ ሥልጣን ይሰጠው ዘንድ አመለክታለሁ። ያኔ ሪስታርቱና ፓይፕላይኑ በሰዓት ስለሚጋጩ አንዱን ማስቀረት ግድ ይሆናል። ፓይፕላይኑ እንዲቀር እናሳስባለን።