ኧረ አርበኛውን ተዉልን!

ጎንደር ላይ ከስንዝር የማይበልጥ የሸክላ አርበኛ ቀለም እየቀባን የምንውል ሰዎች አበሳችን አያልቅም። ያስመረረን ሥራው ሳይሆን ዳኛው ነው። ቀለሙ ሳይደርቅ አንዱ ይመጣና «ጎፈሬው አነሰ» ይላል። ሌላው «አያቴ የያዙት ምንሽር ነበር፤ ይሄማ ውጅግራ ነው» ብሎ ይቆጣል። አርበኛ የወረሰውንም ከጠላት የማረከውንም፣ ያገኘውን ነው የያዘው ብንል ማን ይሰማናል! ከኋላ የቆመው ጎረምሳ ደግሞ «ክላሽ ብታሲዙት አያምርም?» ይላል። ክላሽ የተሠራው ጣሊያን ከጎንደር ከወጣ ከዓመታት በኋላ መሆኑን የማስረዳቱም ዕዳ የእኛው ነው።

ከሁሉ የባሰው የወርቅ ነገር ነው። ገዢው አርበኛው ጎፈር እንዲደፋ፣ ለምዱ በወርቅ እንዲንቆጠቆጥ፣ እግሩም ታጥቦ እንዲቀርብለት ይፈልጋል። አፄ ኃይለ ሥላሴ እኮ በ1928 ዓ.ም. ዘመቻ ለሠራዊታቸው ሲናገሩ፣ በወርቅና በብር ያጌጠው ካባና የሐሩ ሸሚዝ ለዚህ ጦርነት አይረባም ብለው ነበር። ንጉሡ ያስወለቁትን እኛ በብሩሽ መልሰን እናለብሳለን። ምን ይደረግ፣ ካልደመቀ አይሸጥማ!

ነጭ ጋቢ መቀባትስ ቀላል ይመስላችኋል? እንዲያው ነጭ ከለቀለቁት ኖራ የተቀባ ግድግዳ ይመስላል። መጀመሪያ አመድማ ይቀባል። ሲደርቅ በእጥፋቱ ጫፍ ጫፍ ላይ ብቻ ነጭ ነካ ነካ ይደረጋል፤ በእጥፋቱ ውስጥ ደግሞ በውኃ የቀጠነ ቡናማ ይገባል። ከጉልበት በታች የአፈር መልክ ይሰጠዋል፤ ሰውየው ዱር የከረመ ነዋ! ይህን ሁሉ ለፍተን ስናበቃ ደንበኛው ገልበጥ ገልበጥ ያደርገውና «ታች ታቹ ቆሽሿል፤ ጥረጉልኝ» ይላል። የጦርነቱ ታሪክ ያለው እኮ እዚያው ቆሻሻው ላይ ነው!

ውጭ አገር ያሉት ባለሙያዎች 54 ሚሊ ሜትር ለምትሆን ወታደር እንኳ የፀጉር ያህል የቀጠነ ብሩሽ ይገዛሉ አሉ። እኛ የተገኘውን ብሩሽ በምላጭ አሳስተን ነው ዓይን የምንስለው። ልክ ብሌኑ ላይ ስንደርስ መብራት ይሄዳል። ሲመጣ አንዱ ዓይን ወደ ፋሲል ግንብ፣ ሌላው ወደ አዘዞ ሲያይ ይገኛል።

የዓድዋን ሥዕል የለመደው ደግሞ «ጣሊያኑን በአንድ ዓይን አድርጉት» ይለናል። ሸራ ላይ ያምራል፤ ወገን ፊት ለፊት፣ ጠላት በጎን ይሳላል። ምስል ግን ዞሮ የሚታይ ነገር ነው፤ ሁለተኛውን ዓይን የት እንደብቀው?

ዓድዋን የሚጠላ የለም። የራሳችን የጎንደር ጦርነትስ የት ገባ? ንጉሡ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገቡ ጎንደር ገና በጣሊያን እጅ ነበረች። የጣሊያን ምሽግ የነበረው ወልቀፊት የተለቀቀው በመስከረም 1934 ዓ.ም. ነው፤ ሌላው ምሽግ ቁልቋል በር የተሰበረው ኅዳር 12፣ የጣሊያኑ ጄኔራል ናሲ ጎንደር ላይ እጁን የሰጠው ኅዳር 18። ወልቀፊትን ለወራት ከበው ከያዙት፣ ቁልቋል በር ላይ ከእንግሊዝ ጦር ጎን ከተዋጉት መካከል ባለጋቢው አርበኛ አለበት። ይህን ሁሉ ተርከን ስናበቃ ገዢው ምን ቢል ጥሩ ነው? «እሺ፣ ቴዎድሮስ የላችሁም?» አሉ እንጂ! ፒያሳም ሐውልታቸው ቆሟል።

ፈረንጁ ደግሞ ሁሉንም ያይና አንበሳ ገዝቶ ይሄዳል።

እንግዲህ እባካችሁ፣ በዋጋ ተከራከሩን፤ ልማዳችን ነው። ጠመንጃውንም ንቀፉ፤ ጎፈሬውንም ጨምሩ በሉን። ባዶ እግሩንና አቧራውን ግን ተዉለት፤ ጠላትን የተዋጋው እንደዚያው ሆኖ ነው።