ቀለም የጠገበች ዲኤክስ

አዲስ አበባ ውስጥ የሽማግሌ ከበሬታ ከዓመት ዓመት ሲቀንስ የአሮጌ መኪና ክብር ግን ንቅንቅ አላለም። ቶዮታ ኮሮላ ዲኤክስ ከጃፓን ፋብሪካ ስትወጣ ዛሬ የሚነዳት ጎረምሳ አባት ገና ደብተር ተሸክሞ ትምህርት ቤት ይመላለስ ነበር። ከ40 ዓመት በላይ ሆናት። ወለሏ ዝጎ አስፋልቱ ከእግር ሥር ይታያል፤ የኋላ በሯ የሚከፈተው ከውጭ ብቻ ነው፤ መስኮቷ ከተዘጋ በኋላ በጣት ካልተደገፈ ይወርዳል። ዋጋዋ ግን በመቶ ሺዎች ብር ይጠራል፤ ያውም የዘንድሮው ካምናው በልጦ።

ሌላው ዓለም በዚህ በኩል ገና ብዙ ይቀረዋል። ጀርመን እ.ኤ.አ. በ2009 ቢያንስ 9 ዓመት ያስቆጠረ መኪናውን አስጨፍልቆ አዲስ ለሚገዛ ሰው 2,500 ዩሮ ከመንግሥት ካዝና ትሰጥ ነበር። በዚያው ዓመት አሜሪካም ቤንዚን አብዝቶ የሚጠጣ አሮጌ መኪናውን አስረክቦ ቆጣቢ ለሚገዛ 3,500 ወይም 4,500 ዶላር ከፈለች። የተረከቧቸው መኪኖች ዳግም እንዳይነሡ ነጋዴዎቹ የሞተሩን ዘይት አፍስሰው በምትኩ ሶዲየም ሲሊኬት የሚባል ፈሳሽ ይጨምሩና፣ ሞተሩ ደርቆ ቀጥ እስኪል ድረስ ያሠሩት ነበር። ከ670 ሺህ በላይ መኪኖች በዚህ ዘመቻ ከመንገድ ወጡ። ሶማሌ ተራ ውስጥ ከአንዲት የሞተች ኮሮላ ሦስት መኪና የሚያስነሣ ባለሙያ ይህን ቢሰማ ነጠላውን አዘቅዝቆ ለቅሶ በተቀመጠ።

እውነቱን ለመናገር የኢትዮጵያ መንግሥትም ሳይጨክን አልቀረም። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ከውጭ የሚገባ ያገለገለ መኪና ዕድሜው በገፋ ቁጥር ታክሱ እየከበደ እንዲሄድ አደረገ። የታሰበው አየሩን ከጭስ፣ መንገደኛውን ከአደጋ ለማዳን ነበር። የሆነው ግን አዲስ መጤው አሮጌ ወደብ ላይ ሲከለከል ቀድሞ የገባው አሮጌ መንገሡ ነው። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ መከልከሉ ይፋ ሆነ። በዚያው ዓመት ሐምሌ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ያኔ ግቢ ጥግ ቆማ ዶሮ ትታቀፍባት የነበረች ቮልስ እንኳ «ስንት ትሸጣታለህ?» የሚላት አገኘች።

ጥሩ ዋጋ ማግኘት ግን በመንግሥት ፖሊሲ ብቻ አይሆንም፤ ባለቤቱም መድከም አለበት። ድካሙ የሚጀምረው ቦዲና ቀለም ቤት ነው። ዝገት የበላው ቆርቆሮ አይቀየርም፤ ስቱኮ ይለጠፍበታል፣ በብርጭቆ ወረቀት ይላጋል፣ ቀለም ይረጭበታል። ማግኔት በኪሱ ይዞ የመጣ ተጠራጣሪ ገዢ በሩ ላይ ሲያስጠጋው ማግኔቱ አልይዝ ብሎ መሬት ይወድቃል። ለዚህም መልስ አይጠፋም፦ «የድሮ ጃፓን ቆርቆሮ እኮ ነው ወንድሜ፤ እንዳሁኑ አይደለም!» ቆርቆሮ ሆኖ ማግኔት የማይዝ ምን ዓይነት ነው ብሎ መከራከር ነውር ስለሆነ ነገሩ እዚያው ያልቃል።

ቀጥሎ ሞተሩ በነጭ ጋዝ ይታጠባል። ዘይት የሚያፈስበት ጎሚኒ አይቀየርም፤ የፈሰሰው ይጠረግና «ጠብታ የለባትም» ይባላል፤ ለአንድ ቀን እውነት ነው። የሚያንኳኳ ሞተር ወፈር ያለ ዘይት ሲጠጣ እንደ ጨዋ ልጅ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ራዲያተሩ ካፈሰሰ እንቁላል ይሰበርበታል፤ የፈላው ውኃ ያበስለውና ቀዳዳውን ይደፍነዋል፤ ከፊርማው ቀን አያልፍም፣ ማለፍም አይጠበቅበትም። መኪናዋ ቪትዝ ከሆነች ዳሽቦርዱ ላይ አላርፍ ያለው የሞተር መብራት አምፖሉ ተነቅሎ ያርፋል። የሄደችው ኪሎ ሜትርም ወደ ኋላ ይመለሳል። ለሰው ልጅ ያልተቻለ ነገር ነው።

ፍሬን አይነካም። ፍሬን ከውጭ አይታይማ! ዲስኩ ቢሞረድ፣ ሸራው ቢቀየር፣ ቱቦው ቢታደስ ገዢው አንዲት ሺህ ብር አይጨምርም። ቀለሙ ሲያብለጨልጭ ግን 50 ሺህ ለመጨመር እጁ አይንቀጠቀጥም። ስለዚህ ብልህ ሻጭ ገንዘቡን የሚያውለው ዓይን ላይ ነው። ለዓመታዊ ምርመራ ቀን ጎማና የእሳት ማጥፊያ ከጎረቤት ተውሶ ቦሎ የሚለጥፍ ሰው በማይጠፋበት ከተማ፣ ለሽያጭ ቀን ፍሬን የሚያሠራ ቢገኝ ዘመዶቹ ጠበል ይዘውት በሄዱ ነበር።

መኪናዋ ከተዋበች በኋላ የሕይወት ታሪክ ይጻፍላታል። «ሴት ናት የነዳቻት።» «ዶክተር ነው የያዛት።» «ከቤት ቤተ ክርስቲያን፣ ከቤተ ክርስቲያን ቤት፤ ሌላ መንገድ አታውቅም።» (ቤተ ክርስቲያን ስትመላለስ የፊት መብራቷ እንዴት እንደተሰበረ አይነገርም።) «አንድ ሰው ብቻ ነው የያዛት» የሚለው ደግሞ ከሁሉም የረቀቀ ነው፤ ምክንያቱም እውነት ነው። ሊብሬው ላይ ያለው ስም የአንድ ሰው ብቻ ነው። ከእሱ በኋላ የገዟት ሁሉ የስም ማዛወሪያውን ወጪ ሽሽት በውክልና ሲቀባበሏት ኖረዋል። ያ የመጀመሪያው ባለቤት አርፎ ከሆነ ደግሞ ውክልናው አብሮ ማረፉን ገዢው የሚሰማው ስሟን ላዛውር ብሎ የሄደ ቀን ነው።

የሽያጩ ምክንያትም ታስቦበታል። ባለቤቱ ወደ ውጭ ሊወጣ ነው። ሁልጊዜ ወደ ውጭ ሊወጣ ነው። የደላሎችን ቃል ላመነ ሰው፣ ከቦሌ በየሌሊቱ የሚነሣው አውሮፕላን የሚጭነው የአሮጌ ኮሮላ ባለቤቶችን ብቻ ነው። መኪናዋ አስመርራው የሸጠ አንድም ሰው በከተማዋ ታሪክ አልተመዘገበም።

ገዢው ቅዳሜ 4 ሰዓት እመጣለሁ ካለ ሞተሩ 3 ሰዓት ተኩል ላይ ይሞቃል። ቀዝቃዛ ሞተር ምስጢር አይጠብቅም፤ በጠዋት ሲቀሰቀስ ሰማያዊ ጭሱን ለሠፈሩ ሁሉ ይናገራል። ባትሪው ቢለግም በግፊ እንድትነሣ መኪናዋ አፏን ወደ ቁልቁለቱ አዙራ ትቆማለች። እንዲህ ባለ አንድ ቅዳሜ፣ ትንሽ መካኒክነት የቀሰመ አንድ ወጣት መዳፉን ኮፈኑ ላይ አሳረፈና ቀና አለ።

«ጋሼ፣ ሞተሩ ሞቋል እኮ። ቀዝቃዛውን ነበር መስማት የፈለግሁት።»

«ፀሐይ ነው የኔ ልጅ» አሉ ደላላው።

ሰማዩ ከንጋት ጀምሮ እንደጠቆረ ነበር። ወጣቱ ሽቅብ አየና ዝም አለ፤ ታላቅ ሰው ዋሹ አይባልም። ጥሩ ዋጋ በዚህች ሀገር ጥሩ አስተዳደግም የሚከፍለው ነገር ነው።

የሙከራውን መንገድ የሚመርጠው ሻጩ ነው። ሜዳውን ይዞ ይሄዳል፣ ሜዳውን ይዞ ይመለሳል፣ ሬዲዮውን ከፈት አድርጎ ያጫውታል። «ሽሮ ሜዳን አልፈን እንጦጦ እንውጣባትና እንያት» የሚል ገዢ ቁም ነገረኛ ሳይሆን ሰው የማያምን ተብሎ ይመዘገባል። «ካላመንከኝ ተወው፤ ሌላ ሰው ሲፒኦ አሠርቶ እየጠበቀ ነው» ይባላል። ያ ሲፒኦ ያሠራ ሰው በሁሉም ሽያጭ ላይ አለ፤ ፊቱን ያየው ግን የለም።

ጆርጅ አከርሎፍ የተባለው አሜሪካዊ የምጣኔ ሀብት ሊቅ ስለ አሮጌ መኪና ገበያ የጻፈውን ጥናት ሦስት መጽሔቶች መልሰውበት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1970 አራተኛው አወጣለት፣ በ2001 ደግሞ ኖቤል ካሸለሙት ሥራዎቹ ዋናው ሆነ። ሐሳቡ አጭር ነው፦ የመኪናውን ጉድ ሻጩ ያውቃል፣ ገዢው አያውቅም፤ ገዢው ስለሚጠራጠር ለሁሉም መካከለኛ ዋጋ ይሰጣል፤ ደህና መኪና ያለው በዚያ ዋጋ አልሸጥም ብሎ ይወጣል፤ ገበያው ለብልሹው ብቻ ይቀራል፤ በመጨረሻም ይፈርሳል። ሊቁ የሳተው አንድ ነገር ቢኖር አዲስ አበባን አለማየቱ ነው። እዚህ ገበያው አልፈረሰም። ገዢው ሌላ የሚሄድበት የለውም፤ ዛሬ ጉዷን እያየ የሚገዛትም ነገ እሱ ራሱ ሻጭ እንደሚሆን ስለሚያውቅ ነው። «ዋጋዋ አይወድቅም» ብሎ ነው የሚገዛት። መኪና ሳይሆን የባንክ ደብተር ገዝቷል፤ ፍሬን ደግሞ ለባንክ ደብተር ምን ያደርጋል?

ወደ ውልና ማስረጃ ሲኬድ ሁለት ነገር ይጻፋል። አንደኛው ዋጋ ነው። በውሉ ላይ የሚሰፍረው ዋጋና ከኪስ የወጣው ዋጋ ብዙ ጊዜ አይተዋወቁም፤ ታክሱን ለማቅለል ሻጭና ገዢ በፍቅር የተስማሙበት ነው። ሁለተኛው «አይቼና አስመርምሬ፣ ወድጄና ፈቅጄ ገዝቻለሁ» የሚለው ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ የሸጠው ዕቃ ጉድለት የሌለበት ስለመሆኑ ዋስትና እንዳለበት፣ ገዢም ወዲያው መርምሮ ጉድለቱን እንዲያሳውቅ ይደነግጋል። ሕጉ በሥራ ላይ ነው፤ ከማንኛዋም ዲኤክስ ቢያረጅም ይነሣል። ግን ጊርቦክሱ በሳምንቱ የፈረሰበት ገዢ ከሶ ገንዘቤ ይመለስ ቢል በእጁ ያለው ማስረጃ ያ የተቀነሰው ዋጋ ነው። ከጎኑ ደግሞ ወድዶና ፈቅዶ የፈረመው ፊርማ አለ። ደላላው ከሁለቱም ወገን ኮሚሽኑን ተቀብሎ ስልኩን ዘግቷል።

እዚህ ላይ ሽሙጡን ለአፍታ ወደ ጎን ማድረግ ይገባል። ያቺ ቀለም የጠገበች መኪና ከእንጦጦ ቁልቁለት ስትወርድ ከኋላ ሦስት ልጆች ይቀመጡባታል። ፔዳሉ ወለል የነካ ጊዜ ስቱኮው አያቆማትም። ከፊቷ ደግሞ ጤፍ ልታስፈጭ የምትሻገር፣ ስለ ዋጋው ያልተደራደረች፣ ከሽያጩ ሳንቲም ያልደረሳት እናት አለች። ሻጩ ማታ ሠፈር ውስጥ «እንዴት አድርጌ እንደሸጥኳት!» ብሎ ሲያወራ የሚስቁለትና ቢራ የሚጋብዙት ሰዎች ይህችን ሴትዮ ያውቋታል፤ ጎረቤታቸው ናት።

አሁን መንገዱ በኤሌክትሪክ መኪና እየሞላ ነው። ለቻይና ገበያ ብቻ ተብሎ የተሠራው ፎልክስዋገን አይዲ 6 ሳይቀር የአዲስ አበባን ቀለበት መንገድ ለምዷል፤ ያገለገሉትም ከእጅ ወደ እጅ መሻገር ጀምረዋል። ባለሙያዎቹ ሥራ እንፈታለን ብለው አልሰጉም። ባትሪ ከቆርቆሮ ይልቅ ለምስጢር የተመቸ ነው፤ አይዝግም፣ አያፈስም፣ አያጨስም፣ ምን ያህል እንደደከመ ማግኔት አይነግርም። ገዢው 4 ሰዓት ላይ ሲመጣ ዳሽቦርዱ ላይ 100 በመቶ ተጽፎ ያያል። ያን ለማግኘት ደግሞ ሌሊቱን ሰክቶ ማሳደር ብቻ ይበቃል፤ መብራት ካልጠፋ።