የካና ባለቤቶች እሮሮ

«ካና ምን ጣጣ አላት? ጣል አድርጋችኋት ብትሄዱ ትበቅላለች!» የሚለን ሰው መቼም ካና ተክሎ አያውቅም። መብቀሉንማ ትበቅላለች። ደህና አድርጋ እንድታብብ ግን ፀሐይ የሚያገኛት ቦታ፣ ፍግ የጠገበ አፈርና ብዙ ውሃ ትፈልጋለች። ውሃው ደግሞ በፈረቃ ነው። በበጋ፣ ተጠብቆ የተቀዳውን ጀሪካን ይዘን ወደ ካናዋ ስናመራ ከቤት የሚወረወረውን ግልምጫ የምናውቀው እኛው ነን።

ክረምት ገብቶ ከጀሪካን ተገላገልን ስንል ቀንድ አውጣው ከተፍ ይላል። እሱ የሚወደው ገና ያልተዘረጋውን ለጋ ቅጠል ነው። ጥቅልሉን አንዴ ይበሳና ይሄዳል፤ ቅጠሉ ሲዘረጋ ቀዳዳው በመስመር ተደርድሮ ይታያል። ከእሱ የተረፈውን ዋግ ይለቅመዋል። የቅጠሉን ጀርባ ገልብጣችሁ በጣት ስትነኩት ብርቱካንማ ዱቄት ከያዛችሁ፣ ያንን ቅጠል ቆርጦ ከግቢ ማስወገድ እንጂ ብስባሽ ጉድጓድ ውስጥ መጣል የለም።

ተባዩስ ተባይ ነው፤ ምን ይባላል? የሰዉ ነው የሚብሰው። ለበዓል የተገዛ በግ ስንት ማሰሪያ እያለ ካናዋ አጠገብ ካልታሰረ ደስ አይላቸውም። ድፎ ዳቦ የሚጋገር ዕለት ኮባ ያጣ ሁሉ ቢላውን ይዞ ወደ እሷ ነው። ልጆቹ ጠንካራ ጥቁር ፍሬዋን ለወንጭፍ ይፈልጉታል። አጥር ሊያስተካክል የመጣው አትክልተኛ ደግሞ መቀሱ ከተሳለ አይቀር ብሎ ያበበውንም ያላበበውንም አገዳ እኩል ይመትረዋል። ኧረ ወንድሜ፣ አብቦ የጨረሰው ነው ከሥሩ የሚቆረጠው! ያላበበውን ስትቆርጠው አበባውንም አብረህ ቆረጥከው።

ከሁሉ የሚያንገበግበው ግን «አንዷን ቁረጡልኝ፣ ቤቴ ወስጄ እተክላታለሁ» ባዩ ነው። እምቢ ካልን ንፉጎች እንባላለን። እሺ ካልን ያማረው አገዳ ተቆርጦ ሄዶ እዚያው ይበሰብሳል፤ ካና ከተቆረጠ አገዳ አትበቅልምና። የምትበቅለው አፈር ውስጥ ከተጋደመው ወፍራም ሥሯ ነው። ያ ሥር በየጥቂት ዓመቱ ስለሚተፋፈግ፣ አበባዋም ስለሚቀንስ፣ ቆፍረን መከፋፈል ግዴታችን ነው። ያን ጊዜ የተረፈው ሥር አጥር ሥር ተቆልሎ የሚወስደው ሲጠፋ፣ ያ ሁሉ ጠያቂ የት ይገባል?

እባካችሁ አበባውን ተዉልን። ካና የምትፈልጉ ዝናቡ ሊገባ ሲል ፌስታል ይዛችሁ ኑ። ሁለት ሦስት ዓይን ያለው ሥር በነፃ እንሰጣችኋለን። ዶማም አለን፤ ቁፋሮው ግን የእናንተ ነው።